ዋስ ፍለጋ በፎገራ ውሃ ላይ

የዓይኔ ቀለም ምን እንደ ሆነ ያወቅሁት በአንድ ማክሰኞ፣ በወረታ ገበያ ዳር፣ ሰባት ሰው ከተከራከረበት በኋላ ነው።

ታላቅ ወንድሜ አስማረ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናውን በአንድ ቆርቆሮ ቤት በረንዳ ላይ አቁሞ ይሰፋል። እኔ ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ የጨረስሁት በዚያች መኪና ነው፤ እሷ ባትዞር ኖሮ አልማርም ነበር። በዚያ ክረምት ከባሕር ማዶ አንድ ዩኒቨርሲቲ «ተቀብለንሃል» የሚል ደብዳቤ ላከልኝ። ቀጥሎ ከኤምባሲው ለቪዛ የሚሞላ ፎርም መጣ። የሚያስፈልጉ ወረቀቶች ዝርዝርም አብሮ ነበር፤ የልደት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ፣ የደረት ራጅ፣ አራት ፎቶግራፍ፣ ሌላም ሌላም። ሁሉም ተሟልቶ የቀረው ፎርሙና የዋስ ወረቀቱ ብቻ ነበር።

አስማረ ለጉዞዬ የሚሰፋልኝን ኮት በላዬ ላይ እየለካ፣ እኔ ፎርሙን አነብለት ጀመር።

«የዓይን ቀለም ይላል» አልሁት።

«ዓይን ደግሞ ምን ቀለም አለው? ዓይን ነዋ።»

«ጻፍ ነው የሚለው።»

«እስቲ ወደ ፀሐይ ውጣ።»

አገጬን ይዞ ወደ ሰማይ አቀናኝ። ሱሪ ሊያስጠብብ የመጣ አንድ የበቅሎ ነጋዴ ቀረብ ብሎ አየኝና «ዳማ ነው» አለ። አጠገባችን ጎመን የምትሸጥ ሴት «ልጁን ፈረስ አታድርገው፤ ጥቁር ነው» አለችው። አላፊ አግዳሚው ቆመ። አንዱ ግራ ዓይኔን፣ አንዱ ቀኝ ዓይኔን እየተመለከተ ፈረደ። በመጨረሻ አስማረ «ጥቁር ብለህ ጻፍ። ዳማ ካልህ እዚያ ስትደርስ ጋጣ ያስገቡሃል» አለ። ጻፍሁ።

«የተለየ ምልክትስ?»

«ራሰ ደረቅ በል።»

«በሰውነት ላይ ያለ ማለቱ ነው።»

«እኔስ ራስህን አይደል የምለው።»

ከዚያ የዋሱን ወረቀት አመጣሁ። ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ባይመለስ ዋሱ ይጠየቃል ይላል። አስማረ ጣቱን በሱሪው ጠርጎ ፈረመ። ፊርማው ጅራት አለው፤ ከወረቀቱ ጫፍ ደርሶ ይመለሳል። «ባትመለስ የሚወስዱት መኪናዬን ነው» አለኝ። «ለእኔ ብለህ ባትመለስ ለእሷ ብለህ ተመለስ።» ሳቅን። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ በዚያው ዕለት ማኅተም መታበት።

ያ ማክሰኞ ይኸው ነው። ሌላ ምንም አልነበረበትም። ማታ «ብርድ ብርድ አለኝ» አለ። በፎገራ ክረምት ንዳድ ያልያዘው ሰው ስለሌለ አልደነገጥንም። ዓርብ ጧት ሞተ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ከዚህ በላይ ስለዚያ መጻፍ አልሆነልኝም። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውሁት። የምጽፈው ከዚያ ወዲያ ስላደረግሁት ጉዞ ነው። ጎንደር አብረውኝ የተማሩ ጓደኞቼ «ዋስ ለማግኘት አምስት ቀን ምን ያደርጋል?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ እነሱም ፎገራን በክረምት አይተውት ስለማያውቁ፣ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

ሰኞ

ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ሰኞ ጸሐፊው አስጠራኝ። ጸሐፊው ደግ ሰው ነው፤ በቀብሩ ላይ ከዘመድ እኩል ያለቀሰ ሰው ነው። የዋሱን ወረቀት ከፊቱ ዘረጋ።

«ሟች ዋስ አይሆንም» አለኝ። ይህን ብሎ አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ። ከዚያ ወረቀቱን በእርሳስ ሰረዘው። «በቀለም ልሰርዘው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ» አለና ለእኔ ሰጠኝ። አዲስ ባዶ ወረቀትም ጨመረልኝ። አዲሱ ዋስ ርስት ያለው ዘመድ መሆን አለበት፤ ራሱ እፊቱ ቀርቦ አሻራውን ማድረግ አለበት። የፖስታው መኪና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ያልፋል። ያ ካመለጠ የኤምባሲው ቀን ያልፋል፤ ቦታዬም ለሌላ ተማሪ ይሰጣል።

ርስት ያላቸው ዘመዳችን አንድ ናቸው፤ የአባታችን ወንድም፣ አጎቴ ገብሬ። አባታችን ከሞተ ወዲህ አስማረን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የሚኖሩት ሐይቁ ዳር ነው። በአስማረ ቀብር ማግስት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ስለ ያዘው መሞቱን አልሰሙም።

መከራዬ እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ሰው በመንገድ ላይ፣ በምሳ መካከል፣ «እገሌ ሞተ» አይባልም። መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ጎረቤትና ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። አጎቴ ደግሞ ከሰሙ መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ በዚያ ሳምንት ማንም ለአሻራ አያነሣቸውም።

እናቴ «ውሃ መካከል እንዳትነግራቸው» አለችኝ። «ወገን በሌለበት ብቻቸውን ምን ይሆናሉ? ይዘሃቸው ና፤ እዚህ እናረዳቸዋለን።»

«ወረቀቱስ?»

«ወረቀቱ ይቅደም። አስማረም ቢኖር የሚለው ይህንኑ ነው።»

ነገር ግን ራሴ ለሐዘን ተላጭቷል፤ ከሩቅ የሚያየኝ ሁሉ ያውቃል። ጸሐፊው የራሱን ባርኔጣ አውልቆ ደፋልኝ። ጆሮዬ ባይዘው አንገቴ ድረስ ይወርድ ነበር። የሐዘን ልብሴንም አውልቄ አስማረ የጀመረውን ኮት ለበስሁ። ቁልፍ የለውም። ለጊዜው የወሰወሰበት ነጭ ክር በየመገጣጠሚያው ተጋድሟል። ወረቀቶቹን በቅል ውስጥ ከትቼ አፉን በሰም ደፈንሁ።

ወደ ሐይቁ የሚወስደው የወረታ መንገድ በውሃ ስለ ተቆረጠ በይፋግ መዞር ነበረብኝ። የጨው ጆንያ በጫነ መኪና ሄድሁ። ሾፌሩ ባርኔጣውን አይቶ ጆንያው ላይ የነበረኝን ቦታ ከለከለኝ፤ ከጎኑ አስቀመጠኝና «ከየት መሥሪያ ቤት ነዎት?» አለኝ። ዝም አልሁ። ዝምታዬ የበለጠ ሹም አደረገኝ መሰለኝ፣ እስከ ይፋግ ድረስ ሲጋራውን አላጨሰም።

ይፋግ ገበያዋ ደማቅ ነው፤ በቆርቆሮ ቤት ግን ወረታ ትበልጣታለች። ያደርሁት ጋሽ ፈንቴ ከሚባሉ ሸማኔ ቤት ነው። ወረታ ሲመጡ የጋቢያቸውን ጠርዝ የሚያሰፉት አስማረ ዘንድ ነበር። የባቄላ ወጥ አበሉኝ። ጋሽ ፈንቴ ዓይናቸውን ከኮቴ ላይ አልነቀሉም።

«ልጄ፣ ክሩን ሳታወጣ ነው እንዴ የለበስኸው? ና ላውጣልህ።»

«ይቆይ ጋሼ።»

«ቁልፍስ?»

«አልደረሰበትም።»

ማን እንዳልደረሰበት አልጠየቁኝም። ባርኔጣዬን እንደ ደፋሁ ተኛሁ።

ማክሰኞ

ስነቃ ባርኔጣው ከጎኔ ወድቋል፤ ቤቱ ሰው ሞልቷል። የጋሽ ፈንቴ ባለቤት እትዬ ጥሩ ገና በማለዳ ራሴን አይታ ጎረቤት ጠርታ ኖሯል።

«ማን ሞተብህ የኔ ልጅ?»

«ወንድሜ።»

ይፋግ አለቀሰች። ወንድሜን ከጋሽ ፈንቴ በቀር አንድም ሰው አያውቀውም፤ ቢሆንም አለቀሱ። ሙሾ የምታወርድ አንዲት ሴት ስሙን ጠየቀችኝና በስሙ ትጣራ ጀመር። ቁመቱን አመሰገነች፤ ጥድ አለችው። በመካከል ወደ ጆሮዬ ዘንበል ብላ «ረጅም ነበር አይደል?» አለችኝ።

«አጭር ነበር።»

ትንሽ አሰበች። «አንድ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ይሁን» ብላ ቀጠለች። አስማረ ቢሰማት እየሳቀ ከበረንዳው ይወድቅ ነበር። እኔም ፊቴን ሸፍኜ የሳቅሁ ጊዜ ያለቀስሁ መስሏቸው አባበሉኝ። ከዚያ ግን እውነት ሆነ።

«ሳትበላ አትሄድም» አሉ። በላሁ። ሌላ ጎረቤት መጥቶ «ሳትበላ አትሄድም» አለ። እዚያም በላሁ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ «ዓርብ፣ የፖስታ መኪና» ብዬ ነገሬን ተናገርሁ። አንድ ጎረቤት በቅሎውን አዋሰኝ፤ ጋሽ ፈንቴም ኮቴ እንዳይከፈት ከሸማቸው ጫፍ ቀደው አስታጠቁኝ። ክሩን አልነኩትም።

በቅሎዋ ውሃ አትወድም። በፎገራ ክረምት ውሃ የማትወድ በቅሎ ይዞ መሄድ ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። በሦስት ጅረት ሦስት ጊዜ ጣለችኝ። ቅሌ ግን ተንሳፈፈ። ወረታ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ነው ብለን እናማርራለን፤ እዚህ ጭቃው ጫማዬን በልቶ አልመለሰልኝም።

ወደ ማታ አንዲት መንደር ደረስሁ። ሰዎቹ ከሩቅ አዩኝና ተበተኑ። ሁለት ሰዎች ሣር ውስጥ ገብተው ተኙ። አንድ ጠና ያሉ ገበሬ ብቻ ቆመው ጠበቁኝና እጅ ነሡኝ። አስገቡኝ፤ ጠላ ቀዱልኝ፤ ዶሮ ታረደ። እኔ «ደግነታቸው» እያልሁ በላሁ። አጥንቷ ሲቀር ሰውዬው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጌታው፣ ዘንድሮ መሬቱ እንደሚያዩት ውሃ ነው። የሚለካ የለውም» አሉኝ።

«የምን ልኬት?»

«ለመሬት ልኬት አይደለም እንዴ የመጡት?»

«ተማሪ ነኝ። ዋስ ፍለጋ ወደ አጎቴ ነው የምሄደው።»

ባለቤታቸው ሳህኑን አየችና «ዶሮዬን» አለች። ሰውዬው መሳቅ ጀመሩ፤ ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። «እኛ የፈራነው ባርኔጣውን ነው፤ የበላኸው ግን አንተ ነህ» አሉኝ። ሣር ውስጥ የተኙትም ተጠርተው ወጡ፤ አንደኛው ጉንዳን በልቶት ነበር።

ሴትዮዋ ግን በዋዛ አልለቀቀችኝም። ወታደር የሆነ ልጅ አላት፤ ደብዳቤ አስጻፈችኝ። ከደብዳቤው እኩሌታው ስለ ዶሮዋ ነበር። እንዳለችው ጻፍሁ።

ረቡዕ

በቅሎዋን የሚመልስልኝ ሰው እነሱው ፈለጉልኝ። ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም፤ ታንኳ ነው። ቀዛፊው ደመቀ ይባላል። ታንኳው ደንገል ከሚባል የሐይቅ ዳር ሸምበቆ የታሰረ ስለሆነ ውሃ ከታች ይገባል፤ ደመቀ ግን «ይረጥባል እንጂ አይሰጥምም» አለኝ። ተቀመጥሁበት፤ እውነቱን ነው።

«ወዴት ነህ?» አለኝ።

«ወደ ውጭ አገር።»

ረጅም ቀዘፋ ቀዘፈ። «በዚህ በኩል?»

«በአጎቴ በኩል ነው የሚያልፈው።»

«ሩቅ ነው አሉ። ስንቅ ይዘሃል?»

የምንሄደው በሰው እርሻ ላይ ነበር። የአጥር ጫፍ ብቻ ይታያል። አንድ የጭድ ክምር ላይ አንዲት ዶሮ ቆማ አየችን፤ እኔም ከትናንቱ በኋላ ዓይኗን ማየት አፈርሁ። መርከብ ምን እንደሚመስል በመጽሐፍ ብቻ ነው የማውቀው። በመጽሐፉ ላይ መንገደኞቹ እግራቸው ደረቅ ነው።

አጎቴ ገብሬ ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው የበጎቻቸውን በረት ሲያጥሩ አገኘናቸው። ስመውኝ ሳይጨርሱ ያንን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«አስማረ ደኅና ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ። ይህን መልስ መንገድ ላይ አጥንቼው ነበር፤ ውሸት የለበትም።

«ሥራውስ?»

«መኪናዋ ደኅና ናት።» ይህም ውሸት የለበትም።

«ሥጋ አወጣ ወይስ እንደ ከሳ ነው?»

ለዚህ ያጠናሁት አልነበረም። «ወፍሯል» አልሁ።

ፊታቸው በራ። ያንን ፊት ባላይ ኖሮ እዚያ ላይ አቆም ነበር። ግን አየሁት። የጓያ ሽሮው ቀርቦ እራት እስኪያልቅ ድረስ አስማረ ሁለተኛ መኪና ገዝቷል፤ ሠራተኛ ቀጥሯል፤ የወፍጮ ቤት ባለቤት ልጅ አጭቷል።

«ስሟ ማን ነው?»

«ጥሩ» አልሁ፤ በዚያ ሰዓት የመጣልኝ የሴት ስም የሸማኔው ሚስት ነበር።

«ሠርጉስ?»

«ከመስቀል በኋላ።»

አጎቴ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ይህን ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኋትም፤ እየዋሸሁ ደስ ብሎኝ ነበር። ወረታ ላይ ወንድሜ የለም። እዚያ በውሃ የተከበበ ቤት ውስጥ ግን ወፍሮ፣ ሁለት መኪና ይዞ፣ ሙሽራ ሊሆን ነው። ውሃው ባይጎድል ብዬ አሰብሁ።

ከዚያ ባርኔጣዬን አዩ። «ቤት ውስጥ ምንድር ነው?»

«ጭርት ይዞኝ ነው።»

«አውልቀው፤ መድኃኒት አለኝ።»

«ሐኪሙ ቪዛው እስኪወጣ አይገለጥ ብሎኛል።»

አጎቴ ባርኔጣውን ትኩር ብለው አዩት። «ቪዛ የሚወጣው ራስ ላይ ነው?»

ቪዛ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ደከምሁ። ወደ ሰው አገር የመግቢያ ፈቃድ ነው አልኋቸው፤ ለእሱ ደግሞ ዋስ፣ ለዋሱ አሻራ፣ ለአሻራው የርስታቸው ስም። እስከ ዋሱ ድረስ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ርስት ስል አቆሙ።

«አውራ ጣቴን? በመሬቴ ላይ?»

«አጎቴ፣ መሬቱን ማንም አይነካውም።»

«ያ ማዶ ያለው ሰውዬም እንዲሁ ብለውት አደረገ። ይኸው እስከ ዛሬ ችሎት ለችሎት ነው። እኔ ባሕር ማዶን አላውቀው፤ አንተም ልጅ ነህ። አስማረ ይምጣና ዓይን ለዓይን እያየኝ አድርግ ይበለኝ። እሱ ካለኝ ሁለቱንም አውራ ጣቴን እሰጣለሁ።»

ቅሉን ታቅፌ ተኛሁ።

ሐሙስ

በጧት የተሰረዘውን ወረቀት ከቅሉ አወጣሁና «አስማረ የጻፈው አለ» አልኋቸው። አጎቴ ማንበብ አይችሉም። «የኔታ ያንብቡልኝ» አሉ። የኔታ የደብሩ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ከአንድ ጉብታ ላይ ይኖራሉ፤ ያችን ጉብታ ውሃው አይደርስባትም።

የኔታ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አድርገው አነበቡ። የእርሳሱን መስመር አዩ። ከባርኔጣው ሥር ጆሮዬ አካባቢ የተላጨውን አዩ። ከዚያ ለአጎቴ «ገብሬ፣ ከደጅ ያለውን ውሃ የሞላ እንስራ አስገባልኝ» አሉ። አጎቴ ሲወጡ በሹክሹክታ «መቼ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ነገ ሁለት ሳምንት ይሞላዋል።»

ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ነገር በልባቸው አሉ። «ባርኔጣህን ዝቅ አድርገው» አሉኝ።

አጎቴ እንስራውን አስቀመጡ። የኔታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡላቸው። «አስማረ ዋስ ሆኖ ፈርሞበታል። ፊርማው ይኸው።»

አጎቴ የፊርማውን ጅራት በጣታቸው ተከተሉት። «የእሱ ነው» አሉ። «ይህ መስመርስ?»

«እሱ የእርሳስ ነው፤ ይጠፋል።»

«ታዲያ እሱ ከፈረመ እኔን ለምን ይፈልጉኛል?»

የኔታ ወረቀቱን ቀስ ብለው አጠፉት። «የእሱ ብቻውን አይበቃም ብለዋል» አሉ። በዚህ ውስጥ አንድም ሐሰት የለም፤ ደጋግሜ አስቤበታለሁ።

«እሱ ስሙን ካስገባ የእኔን አውራ ጣት ማን ይይዘዋል» አሉ አጎቴ። ወዲያው ወደ በረቱ ሄደው ትልቁን ሙክት ፈቱ።

«ይህ ለምን?»

«ለሠርጉ ነዋ።»

«ሠርጉ እኮ ከመስቀል በኋላ ነው።»

«ያን ጊዜ ውሃው ጎድሎ ሜዳው ሁሉ ጭቃ ነው። አሁን በታንኳ ይሻላል።»

ይህን የሠራሁት እኔው ስለሆንሁ መከራከር አልቻልሁም። ደመቀ፣ አጎቴ፣ እኔና ሙክቱ በአንዲት የደንገል ታንኳ በቀጥታ ወደ ወረታ በኩል ተነሣን። ጥቂት እንደ ሄድን ሙክቱ ደንገሉን ቀመሰው፤ ጣመው መሰለኝ ከጎን በኩል ታንኳዋን መብላት ያዘ።

«ሰውዬ፣ በግህ ታንኳዬን በላብኝ» አለ ደመቀ።

«ትንሽ ነው የበላው» አሉ አጎቴ።

«ትንሽዋ ናት ውሃውን የያዘችው።»

አፉን በጋሽ ፈንቴ መታጠቂያ አሰርሁት። ኮቴ ተከፈተ። ሲመሽ አንዲት የውሃ ዳር ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ከደጀ ሰላሙ አደርን። አንዲት እማሆይ የተቆላ ሽምብራ ሰጡን፤ ለሙክቱም ሣር። ከሣሩ ይልቅ ታንኳውን ነበር የሚያየው።

ዓርብ

ደመቀ በረፋዱ መሬት ላይ አወረደንና የታንኳውን ጎን እየዳሰሰ ተመለሰ። እኛ በጭቃው ሄደን ቀትር ሲያልፍ ወረታ ገባን። አጎቴ ከፊት፣ ሙክቱ ከመካከል፣ እኔ ከኋላ። ያላሰብሁት ነገር ይህ ነበር፤ ወረታ ሁሉ ያውቃል።

የበቅሎ ነጋዴው ገና ሲያያቸው ፊቱን አጥቁሮ «አይዞዎት አባቴ» እያለ መጣ። ከኋላ ሆኜ ጣቴን አፌ ላይ አደረግሁ። ሰውዬው ቃሉን መመለስ አልቻለም፤ «አይዞዎት፣ ጭቃው ያልፋል» አለ። ጎመን ሻጯ እንባዋ ቀደማት። አጎቴ «ምን ሆንሽ ልጄ?» ቢሏት «ሽንኩርቱ ነው» አለች። ከፊቷ ጎመን ብቻ ነበር።

በረንዳው ባዶ ነው። አጎቴ ቆሙ። «አስማረ የት ሄደ?»

ነጋዴው «ደብረ ታቦር፣ ቁልፍ ሊገዛ» አለ።

«ለሠርጉ ልብስ ነው» አሉ አጎቴ በኩራት። ገበያው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር፤ ጭቃ ብቻ ስለሆነ አልተከፈተችም።

ጸሐፊው አጎቴን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። ብዙ ነገር ሊናገር ፈልጎ «ቀለሙ ይኸው» ብቻ አለ። አጎቴ አውራ ጣታቸውን በቀለሙ ነክረው በወረቀቱ ላይ አንዣበቡና አቆሙ።

«ከአስማረ ስም አጠገብ ነው የማደርገው። የታለ?»

በአዲሱ ወረቀት ላይ የአስማረ ስም የለም። ጸሐፊው አየኝ። እኔም አየሁት። ከውጭ የመኪና ድምፅ ተሰማ፤ የፖስታው መስሎኝ ወደ መስኮቱ ሮጥሁ፤ ግን የጨው መኪና ነበር። ጸሐፊው እጁን ዘረጋልኝ። የተሰረዘውን ወረቀት ሰጠሁት። ከአዲሱ ጎን አስተካክሎ አስቀመጠው፤ ጫፍ ለጫፍ በመርፌ አያያዛቸው።

«እዚህ ላይ» አላቸው።

አጎቴ ጣታቸውን አሳረፉ። ማኅተሙ ተመታ። ሁለቱም ወረቀቶች እንደ ተያያዙ በአንድ ፖስታ ገቡ። ጸሐፊው «የማይፈልጉትን እነሱ ይጣሉት፤ እኔ አልጥለውም» አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፖስታው መኪና መጣ፤ ከረጢቱ ሲወጣና መኪናው በመታጠፊያው ሲሰወር ቆሜ አየሁ። ለካ ለአምስት ቀን ሙሉ ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ ሰቅዬው ኖሯል።

እንደ ተነጋገርነው ጸሐፊው «እነሱ ቤት ጎርፍ ገብቶበታል፤ ዛሬ እኔ ዘንድ ይደሩ» ብሎ አጎቴን ወሰዳቸው። ጠግበው በሉ። በጊዜ ተኙ።

ቅዳሜ

ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎቹና ጎረቤቱ በጸሐፊው ግቢ ተሰበሰቡ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከአጥሩ ጥግ ቆመች። ደንቡ ሽማግሌው እንዲናገሩ ነው፤ እኔ ከኋላ እንድቆም ነገሩኝ። ቆሜ ሳለሁ ግን አንድ ነገር ከበደኝ። እነዚህ ሰዎች የሚያረዱት የአንድ ልብስ ሰፊ ሞት ነው። አጎቴ ያላቸው አስማረ ግን ሌላ ነው፤ እሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ወደ ሽማግሌው ቀርቤ «እኔ ልንገራቸው» አልሁ።

«አንተ ልጅ ነህ፤ አይሆንም።»

«ያጨሁለት እኔ ነኝ አባቴ።»

አልገባቸውም መሰለኝ፤ ግን ዞር አሉልኝ።

አጎቴ ጋቢያቸውን እየደረቡ ወጡ። «እንዴት አደራችሁ» አሉ። ባርኔጣውን አወለቅሁ። አንድ በአንድ አዩን። የተላጨ ራሴን አዩ። መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«አጎቴ፣ ሁለተኛ መኪና የለም» አልኋቸው። «ሠራተኛም አልቀጠረ። ሙሽራም የለችም። አልወፈረም።»

እጄን ያዙኝ። አውራ ጣታቸው ላይ ቀለሙ አልለቀቀም ነበር።

«ቀጥል» አሉኝ።

ነገርኋቸው።